የራያ ቀንድና የመጋዘኑ በር

እንከን ሳያገኝ የማያድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሮጊቷን ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ገጠመኝ። የተሰረቀችብኝን ላም መርማሪዎቹ ዋጃ ገበያ አግኝተው ጣቢያው ግቢ አስረዋታል፤ ጥጃዋ እቤቴ በረሃብ ይጮሃል። ልወስዳት ስል፣ ከዞን የመጣ ተቆጣጣሪ ደረሰ።

«ኤግዚቢት፣ ማስረጃ የሆነ ሁሉ፣ መጋዘን ይግባ!» አለ።

ከመርማሪዎቹ ግማሹ ላሟን ሳበ፣ ግማሹ ገፋ። ረጅሙ ቀንዷ በበሩ አላስገባ አለ።

«ጌታዬ፣ የራያ ቀንድ ነው፤ በሩን እናፍርሰው?» አለ አንዱ፣ ሳይስቅ።

ያን ጊዜ ከተወጠረው ጡቷ ወተት ተቆጣጣሪው ጫማ ላይ ተንጠባጠበ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጥጃዋ ምሳ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

ወደ ጡቷ አየ። ጫማውንም አልጠረገም።

«ፎቶ አንሱና ላሟን ለእኚህ እናቴ አስረክቡ» አላቸው።

ማስረከባቸውንም ሊቆጣጠር እቤቴ ድረስ ተከተለን። ጥጃው ሲጠባ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

«የኋላው ግራ ጡት ቀርቷል!» አለ።

ጥጃውም ትእዛዙን ወዲያው ፈጸመ።