ዶክተር ጉልላት ዝም ያለ ዕለት

በየሰፈሩ አንድ አስረጂ አይጠፋም። ሲዘንብ ለምን እንደሚዘንብ፣ ሲያባራ ለምን እንዳባራ ካላስረዳ የበላው የማይፈጭለት ሰው። ሳይጠየቅ ይጀምራል፤ በቃኝ ሲሉት ገና መግቢያው ላይ ነው። ከሩቅ ያዩት ሁሉ ድንገት ቤታቸው የረሱት ዕቃ ትዝ ይላቸውና ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ይህን ማዕረግ የያዘው ክቡር ዶክተር ጉልላት ነበር። የማዕረጉን ኀፍረት የምትሸከመው ደግሞ ሚስቱ ንግሥት ነበረች።

ጉልላት ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የተማረው የሴልን ነገር ነው። አንድ ምርምር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ይውላል። ሰፈሩ ግን “ዶክተር” የሚባል ስም ከሰማ ሌላውን አይሰማም። አንዲት ጎረቤት ወገቧን አሟት መድኃኒት እንዲያዝላት ብትመጣ “ነገሩን ከሥሩ እንየው” ብሎ አስቀመጣትና፣ በሐኪምና በተመራማሪ መካከል ያለውን ልዩነት ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አስረዳት። ሴትዮዋ ወገቧም አልተሻላት፣ እግሯም ደንዝዞ ሄደች።

ንግሥት ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ደንበኛ ጥለት እየመረጠች ሳለ ጉልላት ከገባ፣ የዚያን ዕለት ገበያ አበቃ። ስለ ክሩ ይጀምርና ከክሩ ወደ ጥጡ፣ ከጥጡ ወደ ሴሉ ይወርዳል። ደንበኛዋ “እመለሳለሁ” ብላ ትወጣለች። የምትመለስ የለችም።

በ1983 ዓ.ም. ነገሩ ባሰ። ጉልላት ከውጭ አገር ዘግይቶ የደረሰ የሳይንስ መጽሔት አነበበ። የተጻፈው ስለ ማህፀን በር ነቀርሳ፣ ነቀርሳውን ስለሚያመጣው ቫይረስና ነቀርሳን ስለሚከለክል አንድ ፕሮቲን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዱ “ሟቿ ምን ሆና ነው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ቤተ ዘመዱ አንገቱን ደፍቶ “ያው ሆዷን አሟት ነው” አለ።

“ሆድ ሰፊ አገር ነው” አለ ጉልላት። “የማህፀን በር ነቀርሳ ነው እንጂ።”

ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ንግሥት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች። ከግድግዳው ባሻገር የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቷ እትዬ ሸዋገነት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ባልሽን በልጓም ያዢው” አሏት።

ልጓሙ አልተገኘም። ቀበሌው ለነዋሪው የጤና ትምህርት እንዲሰጥ ጠራው። አዳራሹ ሞልቷል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አምኃ ከፊት ተቀምጠዋል።

“በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ” አለ ጉልላት፣ “አንድ ፕሮቲን አለ። ሽማግሌ በሉት። ሴሏ ተጎድታ ሳለ ልትባዛ ስትል ‘ቆይ፣ መጀመሪያ ጉዳትሽን ጠግኚ’ ይላታል። መጠገን ካቃታት ‘እንግዲያው ሙቺ’ ይላታል፤ ትሞታለች። ሰውነት ሰላም የሚያድረው በዚህ ሽማግሌ ነው። ቫይረሱ ሲገባ ታዲያ ሽማግሌውን በገዛ እጁ አያጠፋውም። የቤቱን የራሱን ጠባቂዎች ጠርቶ ‘ይህ ይወሰድ’ ይላቸዋል። ይወስዱታል። ከዚያ ወዲያ ተው ባይ የለም፤ ሴሏ ያለ ገደብ ትባዛለች።”

የዚያን ጊዜ ስለሚወሰድ ሰው በአደባባይ የሚያወራ አልነበረም። ጓድ አምኃ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

“ይህ ቤት የምትለው፣ የማን ቤት ነው?”

“የማህፀን በር ነው፣ ጓድ” አለ ጉልላት፣ ጥያቄ በማግኘቱ ደስ ብሎት።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጓድ አምኃ ስብሰባውን ዘጉ። ንግሥት ከባሏ ቀድማ ወጥታ፣ ዳገቱን ብቻዋን እያለከለከች ወጣች። “ወይ ውርደት! እስክሞት አይለቀኝም” እያለች ነበር የሄደችው። ጉልላት ደርሶባት “ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፣ አይደል?” ሲላት እርምጃዋን አፈጠነች።

ንግሥትን ግን ያን ማታ የያዛት የባሏ ኀፍረት ብቻ አልነበረም። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል፤ ልጆቿም ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንደገና ደም ታያለች። መጀመሪያ ዕድሜ ነው አለች። ቀጥሎ ድካም ነው አለች። ጨርቋን ጉልላት ሥራ ሲሄድ ታጥብና ጓዳ ውስጥ ታሰጣለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ሰው ሲጠይቃት “እግሬን አሞኝ ነው” ትላለች። እንጦጦ ወጥታ ጠበል ተጠመቀች። ባሏ በየመድረኩ የሚያወራው ነገር በራሷ አካል ላይ እየደረሰ መሆኑን ታውቃለች፤ በእንቅልፏ ሳይቀር ሰምታዋለች። ለእሱ ግን አልነገረችውም። “ቢያውቅ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል፤ እኔን ምሳሌ አድርጎ ያስተምርብኛል” ብላ ፈራች።

አንድ እሑድ ከክርስትና ግብዣ ሲመለሱ ከአዲሱ ገበያ ውይይት ታክሲ ያዙ። በውይይት ታክሲ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ለጉልላት ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል የለም። ሽማግሌውን ሴሏ ውስጥ አስቀምጦ፣ ቫይረሱን በር ላይ አድርሶ ሳለ፣ ንግሥት ለመውረድ ተነሣች። ነጭ ቀሚሷ ከኋላዋ በደም ርሶ ነበር። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት ፊቷን አዞረች። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ጉልላት ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ኮቱን አውልቆ ወገቧ ላይ አሰረላት፤ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ዳገቱን ሲወጡ አንድ ቃል አልተናገረም። ንግሥት ከተጋቡ ጀምሮ የእሱን ዝምታ ሰምታ አታውቅምና፣ ከደሙ ይልቅ ያ አስፈራት።

ቤት ገብተው በሩን ሲዘጋ “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አላት።

“ከክረምቱ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ለማን ልንገር?” አለች። “ለአንተ ነው ወይስ ለዕድሩ?”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። “ከክረምቱ ጀምሮ” አለ ለራሱ። “አንድ አልጋ ላይ እየተኛን።” ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም። ፊቱ በኀፍረት ጠቁሮ ነበር፤ እሷም የራሷን ኀፍረት ለጊዜው ረሳችው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። ንግሥትን የመረመረቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ናሙና ወስዳ፣ ውጤቱ ሲመጣ ጠርታ አስቀመጠቻቸው። የማህፀን በር ነቀርሳ መሆኑን፣ ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ እንደማይመስል፣ ቶሎ በቀዶ ሕክምና ማህፀኑ ቢወጣ ግን ተስፋው ጥሩ መሆኑን ነገረቻቸው። ፕሮቲኑንም፣ ቫይረሱንም አላነሣችም። ንግሥት ባሏን በዓይኗ ጠርዝ አየችው፤ አሁን ሊያርማት ነው ብላ።

“እርስዎም ሐኪም ነዎት?” አለችው ወጣቷ፣ “ዶክተር” የሚለውን ካርዱ ላይ ከስሙ ፊት አይታ።

“አይደለሁም” አለ ጉልላት። በዚያው አበቃ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን፣ በጥየቃ ሰዓት፣ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥላታል። ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቷል። ንግሥት ወደ ጣሪያው እያየች ነበር።

“ያ ሽማግሌ” አለችው ቀስ ብላ። “በኔ ውስጥ ሞቷል ማለት ነው?”

ጉልላት ዙሪያውን አየ። ከዚያ በርጩማውን አስጠግቶ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ መለሰላት። “አልሞተም። ሴሏ ሁልጊዜ ትሠራዋለች። ትሠራዋለች፣ ይወስዱባታል። እንደገና ትሠራዋለች።”

ንግሥት አሰበች። በዚያ ሰሞን ልጆቻቸው ለጦርነቱ የታፈሱባቸው ሴቶች ሰፈሩን ሞልተውት ነበር።

“እንደ እኛ ሰፈር እናቶች” አለች።

“እንደ እነሱ” አለ። በየአዳራሹ ሲያስረዳ የኖረውን ነገር ያን ዕለት ገና የሰማው መሰለ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ንግሥት ቤቷ ገብታ ስታገግም የዕድሩ ሴቶች “እግዜር ይማርሽ” ሊሏት መጡ። ክፍሏ ሞላ። አንዷ “ለመሆኑ ምን ነበር?” አለች፤ ሁሉም ወደ ጉልላት ዞሩ። ንግሥትም ዞረች። ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ተመልሶ ገጠመ፤ ግንባሩ ላይ ላብ አቸፈቸፈ። “ያው ተሽሏታል” ብሎ አንገቱን ደፋ።

ንግሥት ልቧ ተነካ። ይህን ዝምታ ስንት ዘመን ስትመኘው ኖራ፣ አሁን ስታየው ታማሚው እሱ መሰላት። የደፋው አንገት የእሱ ቢሆንም፣ ያስደፋችው እሷ እንደሆነች አወቀች፤ በራሷ አፈረች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ፣ ጉልላትም ወደ ጓዳ ሲገባ፣ እትዬ ሸዋገነት ቀሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው አስተካከሉ፤ መልሰው አጣፉ።

“ልጄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ያንቺው ሕመም… ያ ባልሽ ለቅሶ ቤት ያለው ነው?”

“እሱ ነው፣ እትዬ።”

አሮጊቷ ወደ በሩ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። “እኔም ደም አያለሁ” አሉ። “ለሰው ተናግሬ አላውቅም።”

ንግሥት እጃቸውን ያዘች። ነገ ሐኪሟ ጋ አብረው እንደሚሄዱ ነገረቻቸው። አሮጊቷም ምን እንደሚሆኑ፣ ምን እንደሚደረግላቸው ጠየቋት፤ እሷም የምታውቀውን ያህል ሞከረች፣ አልበቃትም። ቀና አለችና ወደ ጓዳው ተጣራች።

“ጉልላት! ና እስቲ ቁጭ በል። ለእትዬ አስረዳልኝ።”

ጉልላት ብቅ አለ። የተጠራው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ከዚያ መጥቶ አሮጊቷ ፊት ተቀመጠ፤ መጀመሪያ “አሁን ያምዎታል?” ብሎ ጠየቃቸው። እስኪመልሱለትም ጠበቀ።