ጣት የሚሰማው ላፕቶፕ

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። አሮጌውን ካላማ አዲሱ አይጣፍጠውም። ትናንት እንደ ልጁ ሲወለውለው የነበረውን ቴሌቪዥን ዛሬ "ድሮም ዓይኔን ያመኝ ነበር" ይላል። እኔም ከዚህ የተለየሁ አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ጽሕፈትና የሠርግ ካርድ የምሠራባት አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ ሰሞኑን ለገባ ለወጣው ሁሉ አዲሱን ላፕቶፔን ሳሞግስ ከረምኩ። እስኪ የሁለቱን ነገር ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

አሮጌው ስሙ ላፕቶፕ ይባል እንጂ ጭን ላይ የሚቀመጥ አልነበረም... ጭናችሁን የምትወዱ ከሆነ ማለቴ ነው። ስክሪኑ ከመስፋቱ የተነሳ ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው "መስኮቱን ከፈትከው?" ይለኝ ነበር። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሥራ ሲበዛበት ማራገቢያው ሰው ጠቅጥቃ ዳገት የምትወጣ ባጃጅ ይመስላል፤ ደንበኛ "ይደርሳል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ካርዱን ይሁን ላፕቶፑን አይገባኝም ነበር። ግን አንድ ደግ ጠባይ ነበረው። ካርድ ሊያሠሩ የመጡ ቤተሰቦች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ሁሉም እኩል ያዩበታል። ከወንበሩ ጫፍ የተቀመጠች አክስት እንኳ "ያቺ ነጥብ እዚያ ምን ትሠራለች?" ትላለች። ነጥቧ ዝንብ የተወችው ነገር ትሆናለች፤ ቢሆንም አክስት አይታታለች።

አዲሱ ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ድምፅ የሚባል ነገር ስለሌለው የገዛሁት ቀን ጆሮዬን አስጠግቼ በሕይወት መኖሩን አረጋግጫለሁ። ፊደሉ ጥርት ከማለቱ የተነሳ አሮጌው ላይ ትክክል የመሰሉኝ መስመሮች ስንት ዓመት ጠመው እንደኖሩ አሳይቶ አሳፍሮኛል። ጉድለቱን ንገረን ካላችሁ፣ ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ከበር የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ እንደ ሐይቁ ውሃ ፊት ያሳያል። ሌላው ጠባዩ በጣት ሲነኩት መታዘዙ ነው። ሻጩ ይህን ሲነግረኝ እንደ በረከት ነበር የቆጠርኩት።

አሁን ወደ እህቴ ካርድ እንምጣ።

እህቴ ከድጃ ልታገባ ነው። የሙሽራው አባት ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ፤ የታወቁ የውጫሌ ነጋዴ ናቸው። በእኛ በኩል፣ አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ ያሳደጉን አጎታችን ጋሽ ይመር አሉ። ሁለቱ ለሙሽሪት በሚሰጠው መህር በአንድ ቁጭታ ተስማሙ። በድንኳኑ ተስማሙ፣ በሰንጋውም ተስማሙ። ካርዱ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚለው ግን ሽማግሌ አመላለሰ። በመጨረሻ መላ የተገኘው ከእኔ ነው፦ የሁለቱም ስም በአንድ መስመር፣ ጎን ለጎን፣ በእኩል ከፍታ ይጻፍ። ግራው ቀድሞ ይነበባል፤ ቀኙ የክብር ቦታ ነው፤ ሁለቱም ቀዳሚው እኔ ነኝ ብለው ይተኛሉ። የአንደኛው ስም "ሐጂ" ስላለበት እንዳይረዝም ብዬ ለአጎቴ "አቶ" ጨመርኩ። በእንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ከድጃ ረቂቁን ስታይ ግን ፊቷ ጠቆረ።

"የኔ ስም የት አለ?"

"ከአባቶቹ ስም ሥር፣ ከጥሪው ቃል ቀጥሎ።"

"ይቺ ናት? ከካርዱ ጋር አጉሊ መነጽር ታድላላችሁ?"

"አባቶቹ ትልቅ ሲሆኑ ቦታ አነሰ። ከፈለግሽ ለጋሼ ንገሪያቸው።"

"አንተ ንገራቸው እንጂ።"

"እኔ ካርድ ሠሪ ነኝ።"

"እኔ ደግሞ ሙሽራ ነኝ። ሙሽራ አፍ አላት እንዴ?" አለች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታተም ካርድ ነው፤ ስሟ ከላይ እንዲሆን ፈልጋለች፤ የሚናገርላት ግን የለም። እኔም ሁለት አባቶች ያስማማሁበትን መስመር ነክቼ ሠርጉን ማፍረስ አልደፈርኩም።

ደሴ ያለው ማተሚያ ቤት ፋይሉ ዛሬ ከቀትር በፊት ካልደረሰው ለሠርጉ እንደማያደርስ ነግሮናል። ካርድ ከሌለ ጥሪው በአፍ ሊሆን ነው፤ በአፍ ሲጠሩ የተረሳ ሰው ደግሞ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እስኪድሩ ድረስ አይረሳም። ስለዚህ ሁለቱ አባቶች ሱቄ መጥተው ካርዱን በዓይናቸው አይተው፣ ዱዓ አድርገውበት እንዲላክ ተቀጠረ። ሐጂ እንድሪስ ከውጫሌ በሚኒባስ መጡ። አጎቴ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከድጃ ከጀርባ ፖስታ የምታጣጥፍ መስላ ተቀመጠች።

ላፕቶፑን ፊታቸው አዞርኩላቸው። ሐጂ እንድሪስ መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ፊት ነው፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። አጎቴም አንገታቸውን አስግገው፣ "ይቺ ጠባብ ናት፤ ያ ሰፊው የት ሄደ?" አሉኝ።

"አርጅቶ ነው ጋሼ።"

"እኛም አርጅተናል፤ ማን ጣለን?"

ይህን ጊዜ ሐጂ ጣታቸውን ዘረጉ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ንባብ የለመዱት ቁርዓን ቤት ነው፤ ከፊደሉ ሥር ጣት ሳይሄድ ዓይናቸው አይሄድም። አሮጌው ስክሪን ጣት ስለማይሰማ የስንቱን ሽማግሌ ጣት ተሸክሞ ኖሯል፤ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው እገባ ነበር።

"እንግዲህ የኔዋ ይቺ ናት..." አሉ ሐጂ፣ ስማቸውን ከታች ወደ ላይ ዳበስ አድርገው። ስማቸው ከጣታቸው ጋር ሽቅብ ወጣ።



"ሐጂ፣ ከፍ አሉ" አሉ አጎቴ በትሕትና።

"ወላሂ እኔ ምንም አላልኳትም፤ ራሷ ናት።"

"አብሽር፣ ምንም አይደል" አሉና አጎቴ የራሳቸውን ስም እንደዋዛ ዳበሱት። እሱም ወጣ፤ ከሐጂ ስም አንድ ጣት አለፈ።

ልመልሰው እጄን ስሰድ ሐጂ በመዳፋቸው ከለከሉኝ። "ቆይ ልጄ፣ አንተ ደክመሃል።" ከሽማግሌ እጅ ኮምፒውተር ይነጠቃል? አይነጠቅም። ጣት እንዳይሰማ የሚያደርገው ማዘዣ የት እንዳለ ደግሞ ገና አልተማርኩም። በጎን ተንጠራርቼ አንዱን እንቅስቃሴ የምትሽረውን ቁልፍ ጫን ስል፣ እነሱ ሌላ እንቅስቃሴ ይጨምራሉ። ሐጂ ዳበስ... አጎቴ ዳበስ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም ስለ ዝናቡ እያወሩ ነው።

"ዘንድሮ በጊዜ ጀመረ" ይላሉ ሐጂ፣ ስማቸውን እየገፉ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ለማሽላው ጥሩ ነው" ይላሉ አጎቴ፣ የራሳቸውን እየገፉ።

እኔ ሰዓቱን አያለሁ። ከድጃ ፖስታ ማጠፍ አቁማለች። ሁለቱ ስሞች ጌጡን አለፉ፣ የአበባውን ሐረግ አለፉ፣ እየወጡ፣ እየወጡ... ከካርዱ አናት የአላህ ስም ያለበትን የቢስሚላህን መስመር አልፈው ከላዩ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ያዩት አጎቴ ናቸው። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

"ሐጂ... ከማን በላይ ነው ያለነው?"

ሐጂ ጠጋ ብለው አነበቡ። ከዚያ ፍም እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። "አስተግፊሩላህ። አስተግፊሩላህ። አውርደኝ ልጄ።"

እኔ እስክደርስ ግን አልጠበቁም፤ ራሳቸው ስማቸውን ይዘው ወረዱ። አጎቴም ተከተሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የወሎን ሽማግሌ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ትሕትና ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?

"እርስዎ እዚያው ይሁኑ ሐጂ፤ ሐጅ የወጡ ሰው ነዎት።"

"ኧረ ጋሽ ይመር፣ አባት የሌላቸውን የቲሞች ያሳደጉ ሰው እያሉ እኔ ከላይ? አልሆንም።"

ሐጂ ዝቅ አሉ። አጎቴ ከሳቸው ዝቅ አሉ። ከጥሪው ቃል ሥር ገቡ፣ ከሙሽሮቹ ስም ሥር ገቡ፣ ከቀኑና ከቦታው ሥር ገቡ። ካርዱ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች የሱቄ ስም አለች፤ ከሷም በታች ሊገቡ ሲሽቀዳደሙ ደነገጥኩ።

"ጋሼ፣ ከዚህ በታች ወረቀት የለም" አልኩ።

"እንግዲያው እዚሁ ይብቃን" አሉ አጎቴ እያለከለኩ፣ ዳገት የወጡ ይመስል። ሐጂም ተስማሙ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ካርዱን አዩት። ከቢስሚላሁ ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ተከፍቷል፤ መሃሉ ላይ የሙሽሮቹ ስም ብቻውን ቀርቷል።

"እዚህ ባዶው ላይ ምን ይግባ?" አሉ ሐጂ።

ከጀርባዬ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

"የልጆቹ ስም ቢተልቅስ?" አሉ አጎቴ፣ ወደ ከድጃ ሳያዩ። "የሚጋቡት እነሱ አይደሉ?"

"ይተለቅ" አሉ ሐጂ። "እኛን ማን አያውቀንም?"

ተናግረው ሳይጨርሱ አተለቅሁት። ከድጃ በፖስታው ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ሲስቅ አየሁት። አባቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ እኔ በአንድ እጄ "አሚን" እያልኩ በሌላው ግርጌ ያሉትን ሁለት ስሞች ጸጉር ሳይተላለፉ እኩል አደረግኳቸውና ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ደሴ ላክሁት። የመጨረሻውን አሚን ስንል ሄዷል።

ሐጂን ወደ ሚኒባሱ ስሸኝ ክንዴን ይዘው ጎተት አደረጉኝ።

"ልጄ፣ በመጨረሻ ዝቅ ያለው የማን ነው?"

ፊታቸውን አየሁት። "የእርስዎ ነው ሐጂ።"

"አላህ ይባርክህ" አሉ፤ ደስ ብሏቸው ተሳፈሩ።

ስመለስ አጎቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግራና ቀኝ አዩና፣ "ለመሆኑ የኔ ትንሽ ዝቅ ብላለች አይደል?" አሉኝ።

"በደንብ እንጂ ጋሼ።"

እንግዲህ እኔ፣ ለአንዲት ነጥብ ግማሽ ቀን የምከራከር ሰው፣ አዲሱ ላፕቶፕ በገባ በወሩ ሁለት ሽማግሌ ዋሸሁ። ከእናንተ መካከል ካርዱ የሚደርሰው ካለ፣ በሞቴ፣ ወደ ሠርጉ ማስመሪያ ይዛችሁ እንዳትመጡ።