ስለ ትርፍ አንጀቴ የተላኩ ሽማግሌዎች

ተማሪን የማይወድ ሰው የለም፤ ትምህርቱ ሆዳችን ላይ እስኪደርስ ድረስ። የሰፈሩ ልጅ ሐኪም ሊሆን ነው ሲባል እንመርቃለን፤ ሲጨርስም በግ ይታረዳል። ያው ልጅ ጓንት አጥልቆ «ልብስዎን ገለጥ ያድርጉልኝ» ያለን ቀን ግን «ትልቅ ሰው የለም ወይ?» እያልን በር በሩን እናያለን። ሁላችንም የምንፈልገው ልምድ ያለውን ሐኪም ነው። ልምዱን በማን ሆድ ላይ እንዳገኘው አንጠይቅም፤ የእኛ ሆድ እስካልሆነ ድረስ ምን ገዶን።

እኔ ሮቤ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። «ተማሪ የሚማረው ሲሠራ ነው» እያልኩ ስንቱን ወላጅ አሰልችቻለሁ መሰላችሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኔን የያዘኝ ሕመም እጥፍ አደረገኝና፣ አከራዬ ሐጂ ከድር በባጃጅ ጭነው ጎባ ሆስፒታል አደረሱኝ። ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ ዛሬውኑ ይውጣ ተባለ። የምታወጣው ደግሞ ዶክተር ኢፍቱ ነበረች፤ ቀዶ ሕክምና ገና በመሰልጠን ላይ ያለች፣ ከተማሪዎቼ መካከል ብትቀመጥ የማትለይ ቀጭን ልጅ።

«ሆድዎን በሰፊው አንከፍተውም» አለችኝ ረጋ ብላ። «ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ እናበጃለን፤ በአንዷ ካሜራ ይገባል። ዋናው ሐኪም ከአጠገቤ አይለዩም፤ ካስቸገረኝ ይረከቡኛል።»

እኔ የሰማሁት «ካስቸገረኝ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሐጂም ሰምተዋል። ሐጂን አታውቋቸውምና ልንገራችሁ፤ በእኛ ሰፈር የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሱ ገበሬዎች፣ ሁሉም የሚታረቁት በእሳቸው ነው። ሽማግሌ ተልኮበት የማይፈታ ነገር አለ ቢሏቸው አያምኑም።

«ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ ይቺ ኢንተላ፣ ይቺ ሴት ልጅ፣ ገና ናት እኮ! ቆየኝ» ብለው ወጡ። ግቢው ውስጥ ታማሚ ሊጠይቁ የመጡ ሁለት አዛውንት አስከትለው ዋናው ሐኪም ቢሮ ገቡ። ልጅ ለመጠየቅ እንደተላከ ሽማግሌ፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም ብለው ቆሙ አሉ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ! በገዛ እጄ እሠራዋለሁ ብሏል!»

ሰውየውም ተከትለዋቸው ገቡ፤ ሽበታም፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንላቸው ሐኪም ናቸው።

«ሽማግሌ ለምኖኝ እንቢ አልልም» አሉኝ። «ግን እውነቱን ይወቁት። ሁለቱም መንገድ ደህና ነው። በካሜራው ከእኔ ይልቅ የእሷ እጅ ተፍታቷል፤ እኔ የለመድኩት ከፍቶ ማውጣት ነው። ጠባሳው ይሰፋል፣ ሕመሙም ይቆያል። የቱ ይሁን?»

ልቤ «ካሜራው! ካሜራው!» እያለ ይጮኻል። ቀና ስል ሐጂና ሁለቱ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው፣ ልጅ እንደዳረ አባት ደስ ብሏቸው ቆመዋል። እነዚህን ሰዎች እንዴት ብዬ «ልፋታችሁ ከንቱ ነው» ልበላቸው? ትርፍ አንጀትስ ይወጣል፤ ይሉኝታን የሚያወጣ ሐኪም ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

«በእርስዎ እጅ» አልኩ።

በእጃቸው ሆነ። ሥራው ከስፌቱ ርዝመት በቀር አንድም የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። በዚያው ቀን፣ በዚያው በሽታ፣ በዶክተር ኢፍቱ እጅ የተሠራ አንድ የከብት ነጋዴ አጠገቤ ተኝቷል። ከብድሬ ከተማ ብቻውን ስለመጣ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ አልነበረውም። ዕድለኛ! በማግስቱ እሱ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ፣ እኔ እንዳያስነጥሰኝ አፍንጫዬን ይዣለሁ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ፋሻዬን አየና ደነገጠ።

«አብሽር መምህር፤ አንተን ደግሞ በሬ ነው የወጋህ?»

ልስቅ ስል ስፌቱ ከለከለኝ።

ዓመታት አለፉ። ዶክተር ኢፍቱም ሥልጠናዋን ጨርሳ ዋና ሐኪም ሆነች። ባለፈው ሰሞን ሐጂ የሐሞት ጠጠር ተገኘባቸውና አስጠሩኝ። ያ የሮቤ አስታራቂ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ፈርተው አገኘኋቸው፤ አንጀቴን በሉት።

«መምህር፣ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ» አሉ። «ኢፍቱ ራሷ ትሥራኝ። በካሜራው!»

ሄድኩ። እንደ ወጉ አልቀመጥም ብዬ ቆምኩ። እሷ ግን ሳቀች።

«እኔ አጠገባቸው ቆሜ እከታተላለሁ። የሚሠራቸው ግን ተማሪዬ ነው፤ እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ራሴም መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

ይሉኝታ ዳግመኛ አልያዘኝም። ተመልሼ እንዳለችው ለሐጂ ነገርኳቸውና፣ ሸሚዜን ገልጬ ጠባሳዬን ከላይ እስከ ታች አሳየኋቸው። እሳቸው አንዴ የእኔን ሆድ፣ አንዴ የራሳቸውን አዩ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?» አሉ ሐጂ በትራቸውን እያነሡ። «ተነሥና ተማሪውን ለምንልኝ እንጂ!»