ሰባት ቤት ቆጣሪው አያ ከፋለ

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ሀገር የለም። ዛሬ ሰው በመታወቂያ ይተዋወቃል፤ ያን ጊዜ ግን እኛ መንደር፣ ብልባላ ላይ፣ ክቡር አያ ከፋለ ነበሩልን። ሰላም ሳይሉህ ቅድመ አያትህን ያነሣሉ። አንዴ በሬ ልሸጥ ወጥቼ የገዢዬን ዘር ሲቆጥሩለት ገበያው ተበተነ። የሁላችንንም ገመና ያውቃሉ፤ ይናገራሉም። ስንቴ በሩቅ አይቻቸው አህያዬን በሌላ መንገድ ነድቻለሁ!

ግን ያለ እርሳቸው ጋብቻ የለም። ሰባት ቤት ቆጥረው "ዝምድናው ርቋል" ካላሉ ማንም ልጁን አይድርም።

ከሚሌኒየሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባለቤታቸው እማማ ባንችይርጋ ሞቱ። አያ ከፋለ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ እህል ተዉ፤ ከዚያ መርሳት ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ መንገድ ላይ እጅ ነሣኋቸው። ትክ ብለው አዩኝና "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ዘሬን ሲያብጠለጥሉ እንዲያ አላመመኝም።

ጠበልም ጤና ጣቢያም ወሰድናቸው። ሲስተር ማኅሌት የድብርት ክኒን አስጀመረቻቸው። አፋቸው ደረቀ፤ ቀን ቀን ያንቀላፉ ጀመር።

"ክኒንሽ የቀረኝን ስም ሁሉ ጠረገው!" ብለው ተቆጧት።

"አባባ፣ የሚያስረሳዎት ሕመሙ ነው። እንቅልፉ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሐዘንዎ ይቀላል፤ ማስታወሱ ቀስ ብሎ ከኋላ ይመጣል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ብቻ አያቋርጡ።"

እውነትም ሐዘኑ ቀለለ፤ መብላት ጀመሩ። ስሙ ግን ዘገየ። በዚህ መካከል ደሳለ የሚባል ጎረምሳ ልጄን ፋናን ለጋብቻ ጠየቀ። ሁለቱ ቤቶች ከአንድ አባት ይወለዳሉ ይባላል፤ ስንተኛው ላይ እንደሚገናኙ የሚያውቅ ከአያ ከፋለ በቀር አልነበረም። ፋና እንቅልፍ አጣች።

ክኒኑን በጀመሩ በአምስተኛው ወር የሁለታችን ወገኖች ደጃቸው ተሰበሰብን። ከፋና ጀምረው ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። ጣታቸው በአየር ላይ ቀረ። ደሳለ ላቡን ጠረገ። ፋና ነጠላዋን ነከሰች።

"ምስጋኑ!" አሉ ድንገት። "ያ በግ ሌባ! የሱ አባት ሙሉሃብት። ስምንተኛው ላይ ነው የሚገናኙት። ይጋቡ!"

አማቾቼ ዞረው አዩኝ። ዘሬ በአደባባይ ተዋረደ። እኔ ግን ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አያ፣ ሌላም ነውር ካለን አያስቀሩብኝ።"

"አለ እንጂ!" አሉኝ ዓይናቸው እየበራ። "ተቀመጥ።"