ፋይሉን ማን ያዘው?

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። ሌሊት ያየሁት ቢሆን ኖሮ ጠዋት ለሚስቴ እነግራት፣ እሷም «በጎ ያድርገው» ትለኝና ነገሩ ያበቃ ነበር። የቀን ሕልም ግን ፈቺ የለውም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላልና እስቲ እናንተው ፍቱልኝ።

በመጀመሪያ እንዴት እንደተኛሁ ልናገር፤ ሰነፍ ነው እንዳትሉኝ። ይመር እባላለሁ። በአንድ ትንሽ የጤና ኮሌጅ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። አርባ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ አሮጌ ፕሪንተርና አንድ ሰርቨር አሉን። ሰርቨር ማለት ሁሉም ቢሮ ከያለበት ሆኖ የሚያስገባበትና የሚያወጣበት የጋራ ጎተራ ነው። በዚያ ጎተራ ውስጥ የምሩቃን ፋይል የሚባል አለ። አንድ ሰው ከፍቶ ሲይዘው እሱ እስኪዘጋው ድረስ ሌላው ሊጽፍበት አይችልም፤ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ላይ ከጻፈ ጉድ ይፈላል። ከማክሰኞ ጀምሮ ታዲያ ሊጽፍበት የሞከረ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ሆነ፦ «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል።»

ሬጅስትራሯ ወይዘሮ እቴነሽ «ሌላ ሰው» ሲባል ትዝ ያላቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጌጤ ናቸው። አቶ ጌጤ ደግሞ ወይዘሮ እቴነሽን ጠረጠሩ። «ከፍተውት ለቅሶ ሄደው ነው» አሉ አንደኛቸው። «እልክ ይዟቸው ነው እንጂ ምን ሥራ አላቸው?» አሉ ሌላኛቸው። ድሮም ብዙ አይዋደዱም ነበር፤ አሁን ጭራሽ ሆድና ጀርባ ሆኑ፣ ሰላምታም ቀረ። እኔም በሁለቱ መሀል እየተመላለስኩ «ኧረ አንዳችሁ ልቀቁት» እያልኩ ስለምናቸው ሰነበትኩ። ይዘውታል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

የተጎዳችው ግን ሐዋ ናት። ሐዋ ሰይድ ዘንድሮ ከእኛ ዘንድ በነርስነት ተመርቃ፣ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ ጤና ጣቢያ ሊቀጥራት ነው። ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትራንስክሪፕቷን ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ የተዋሰችውን መጽሐፍ ሁሉ መመለሷን አቶ ጌጤ መመዝገብ አለባቸው ማለት ነው። የሚመዘገበው የት ነው? እዚያው ፋይል ላይ። ልጅቷ ከሬጅስትራር ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ሬጅስትራር ሦስት ቀን ተንከራተተች። ዓርብ ጠዋት እኔ ዘንድ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የዓርብ ምሳ ሰዓት እንደምታውቁት ረጅም ነው። ከተማችን ደግሞ ቆላ ናት፤ ከግቢው ሁሉ የሚቀዘቅዘው የሰርቨሩ ክፍል ብቻ ነው። ሽሮዬን በልቼ ገባሁ፣ ወንበሬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ እስቲ ትንሽ ላስብ ብዬ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ።

ስገልጠው ቦኖ ውሃው ጋ ቆሜአለሁ። ወረፋው መንደሩን ዞሮ ይመለሳል። የተሰለፉት ግን ጀሪካኖች አልነበሩም። ጀሪካኖቹ ሰዎቻቸውን ተራ አስይዘው ራሳቸው ከግራሩ ጥላ ሥር ተጎልተው ወሬ ይሰልቃሉ። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንድ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን እየተንገዳገደ መጣና ገፋ አደረገኝ።

«ይሄ ሰውዬ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የማንም አይደለም» አለው አንድ አነስ ያለ ጀሪካን። «ተራ እንዲይዝ የተተወ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«ታዲያ ባለቤቱ ካልመጣ ለምን አይነሳም?»

«እንዴት ይነሳል? ተይዟል እኮ!»

ኧረ እኔ ሰው ነኝ ልል ስል አንዲት ኮምፒውተር በገመዷ ወገቤን አስራ ወደ ጥገና ክፍል ጎተተችኝ። ክፍሉ የገዛ ቢሮዬ ነው። ወንበሬ ላይ አሮጌው ፕሪንተር መነጽር አድርጎ ተሰይሟል። ኮምፒውተሮች የተበላሹ ሰዎቻቸውን ይዘው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል።

«የእኔው ከጠዋት ጀምሮ አልሠራም ብሏል» አለች ከፊቴ አንድ የተከበረ ሰው ይዛ የቆመች ሌላ ኮምፒውተር። «ስነካው ‹እሺ፣ ነገ› ይላል።»

«አጥፍተሽ አበራሽው?» አላት ፕሪንተሩ።

«ሁለት ጊዜ። ሲበራም ‹እሺ፣ ነገ› ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ሲሠራም እንዲሁ ነው። ወደ እናቱ መልሺው።»

ተራው የእኔ ሆነ። ፕሪንተሩ ነጭ ወረቀት አፌ ውስጥ ከተተና «አውጣ» አለኝ። ታገልኩ። ወረቀቱ በከንፈሬ በኩል ብቅ ብቅ አለ፤ ላዩ ላይ «ሐዋ ሰ» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ተቀረቀረ። አልወጣም፣ አልገባም። ፕሪንተሩ ተነሥቶ ጀርባዬን በጥፊ ይለኝ ጀመር።

«ምነው?» አልኩት በወረቀቱ ጎን።

«አንተ ሰባት ዓመት ስትመታኝ ምነው ብዬህ አውቃለሁ?» አለኝ።

ወረቀቱን እንደነከስኩ ሮጬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። በመደርደሪያዎቹ ላይ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተለጥፏል። መጻሕፍቱ እየገቡ ሰው እያማረጡ ይዋሳሉ። ሐዋ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስና በአንድ ልብስ ሰፊ መሀል ተጨናንቃ ተቀምጣለች። ከሥሯ አንድ ወፍራም የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ ከኃላፊው ጋር ይሟገታል፤ ኃላፊው መዝገበ ቃላት ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንብቤያታለሁ» አለ ወፍራሙ መጽሐፍ። «አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸችኝም። አሁን ጨርሻታለሁ፤ ትሂድ፣ ሰው ትርዳ። ልፈርምላት ነው የመጣሁት።»

«መፈረም በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው» አለ መዝገበ ቃላቱ። «ሁለቱም በሩ ላይ ናቸው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አለችኝ ሐዋ ከላይ።

ወደ በሩ ዞርኩ። ወይዘሮ እቴነሽና አቶ ጌጤ ደፉ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። በእውኑ ዓለም ሰላምታ ያልነበራቸው ሰዎች እዚህ ትሕትናቸው ለከት አጥቷል።

«ይቅደሙ፣ አቶ ጌጤ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እርስዎን ጥዬ? አይደረግም!»

«እኔስ ብሆን ምን ቆርጦኝ?»

ወይዘሮ እቴነሽ ወረቀቱን ይዘዋል። አቶ ጌጤ እስክሪብቶውን ይዘዋል። «እስክሪብቶውን ሲሰጡኝ ወረቀቱን እሰጥዎታለሁ» ይላሉ ወይዘሮ እቴነሽ፤ «ወረቀቱን ሲሰጡኝ እስክሪብቶውን እሰጥዎታለሁ» ይላሉ አቶ ጌጤ። ከዚያ እጅ ይነሣሣሉ። ከኋላቸው ከተማው በሙሉ ቆሟል፤ ጀሪካኖቹ፣ ኮምፒውተሮቹ፣ ‹እሺ፣ ነገ› የሚለው ሰውዬም ጭምር። የተቆጣ አንድም የለም፤ ሁሉም እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከጠብም ይከፋል።

ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ ገመድ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቀጥሎ ፈሰሰ፤ ደረጃውን ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከውሃው ጋር አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በሕይወቱ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ግን በቆቦ በኩል ባለው መንደራችን የሃምሳ አባወራ የውሃ አባት ነበር። ከወንዙ የተጠለፈው መስኖ በየትኛው ቀን የማን ማሳ እንደሚደርስ የሚወስን፣ ሲጣሉ የሚዳኝ፣ ሲጎድል የሚሰደብ እሱ ነው። ሳየው ከደስታዬ ብዛት አፌ ውስጥ ያለውን ወረቀት ረሳሁት።

«አባ!» አልኩት።

«ምን ጎርሰህ ነው የምታወራው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ድሮው።

«እነዚህ ሁለቱ ይዘው አልለቅም ብለው ነው!» አልኩና ወደ ሁለቱ ጠቆምኩ። ክስ ሳቀርብ ድምፄ የሕፃን ሆነ።

አባቴ ሁለቱንም በየተራ አያቸው። «የያዛችሁትን መሬት ላይ አስቀምጡት» አላቸው።

«ማን ይቅደም?» አሉ በአንድ አፍ።

«ማንም። በሰው እጅ ያለውን መቁጠር ተዉና በእጃችሁ ያለውን አስቀምጡ።»

አስቀመጡት። እስክሪብቶው በራሱ ተነሥቶ ወረቀቱ ላይ ፈረመ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ውሃው በበሩ ተንዶ ገባና ሐዋን ከመደርደሪያው አንሥቶ እስከ ደፉ አደረሳት። እዚያ ቆመ። በሩ ባዶ ነው፣ የሚከለክል የለም፣ ውሃው ግን እግሬ ሥር ተኝቶ ንቅንቅ አልል አለ።

«አባ፣ እነሱ ለቀዋል እኮ!»

«ውሃ ሲጠፋ እኔ መጀመሪያ የማየው የማንን ማሳ ነበር?» አለኝ።

ትዝ አለኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ጠዋት ውሃው ጠፍቶ፣ ሰው ዱላ ይዞ፣ ላይኛው ታችኛውን፣ ታችኛው ላይኛውን ሲከስ፣ አባቴ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ወደ ራሳችን ማሽላ ሄደ። የእኛው ቦይ ተከፍቶ አድሮ ነበር፤ ከፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ስሜን አልጠራም። ሕዝቡ ፊት ቆሞ «የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። የውሃ አባቱ ሌባ ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ዱላውም መመርኮዣ ሆነ።

«እጅህን ዘርጋ» አለኝ አባቴ።

ቀኜን ዘረጋሁ። ባዶ ነው።

«ሌላውን።»

ግራዬ አልከፈት አለ። ተጨብጧል፤ በውስጡ የሆነ ነገር አለ። በቀኜ ጣቶቼን አንድ በአንድ ልፈለቅቅ ታገልኩ፤ አውራ ጣቴ ሲለቅ ጠቋሚው ይይዛል። ሐዋ ከደፉ ላይ ትጠራኛለች።

«ጋሼ! ጋሼ ይመር!»

ነቃሁ። ሐዋ እውነትም የሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ቆማለች። ስምንት ሰዓት አልፏል። ግራ እጄ ጭንቅላቴ ሥር ሆኖ ደንዝዟል።

ወደ ሰርቨሩ ዞርኩና ማክሰኞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ፋይሉን የያዘው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። ከእኔ በቀር ይህን ማየት የሚችል በግቢው የለም። አራት ቀን ያላየሁት ስለማውቅ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ያያል? የያዘው ሰው ስም ተጽፏል፦ ይመር። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር።

አሮጌው ላፕቶፕ ትዝ አለኝ። አዲስ ገመድ ልሞክር ብዬ ከኔትወርኩ ጋር አገናኝቼው፣ ፍጥነቱን ለማየት ፋይሉን ከፍቼበት፣ ሰው ሲጠራኝ ካርቶኖቹ ጀርባ አስቀምጬው ሄድኩ። እዚያው ነው። ቻርጀሩም እንደተሰካ ነው። ፋይሉ ወለል ብሎ እንደተከፈተ አራት ቀን ሙሉ ማንም ሳይጽፍበት ተራ ይዞ ተቀምጧል።

ዘጋሁት። አሁን እውነቱን ልናገር፤ በሙያችን አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ወጣ ብዬ «ሰርቨሩ ነበር፣ አስተካክየዋለሁ» ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እንዲያውም ይመርቁኛል። ሁለቱም እስከ ጡረታቸው እየተኳረፉ ይኖራሉ። ላደርገውም ኮሪደሩ ድረስ ደርሼ ነበር። ግን አባቴ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገና በዓይኔ ላይ ነበር።

«የያዝኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ።

«ምኑን?» አሉ አቶ ጌጤ።

«ፋይሉን። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

«አራት ቀን ሙሉ ሰው ታሳማኝ?» አሉ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው። «እኔ እኮ እኚህን ሰውዬ ስንቴ ረገምኳቸው!»

«እኔም ብሆን ዝም አላልኩም» አሉ አቶ ጌጤ።

ክሊራንሱ በአምስት ደቂቃ ተመዘገበ። ትራንስክሪፕቱ ከአሮጌው ፕሪንተር ወጣ፤ መሀል ላይ ሲቀረቀር እንኳ አልመታሁትም፣ ቀስ ብዬ ሳብኩለት። ማኅተም ተመታ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁለቱ ኃላፊዎች ለሐዋ አብረን እንስጣት ብለው፣ ወረቀቱን በየጫፉ ይዘው ሊወጡ የሬጅስትራሩ ቢሮ በር ላይ ደረሱ።

«ይቅደሙ፣ አቶ ጌጤ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ጸጉሬ ቆመ። ሐዋ ግን ትሕትናቸው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ወረቀቱን ከመሀላቸው መዝዛ፣ «ተባረኩ!» እያለች በአቶ ጌጤ ክርን ሥር ሾልካ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።