ጋሽ አላልኩም በአምስተኛው ረድፍ

መብራት በጠፋበት የሲኒማ አዳራሽ ሁሉ፣ ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች ይበልጥ ፊልሙን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ካላገኛችሁት ዙሪያችሁን ደህና አድርጋችሁ እዩ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ። የእኛ ሰፈር ሲኒማ ቤት በዚህ ረገድ ታድሏል። ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሽ አላልኩም ናቸው።

ጋሽ አላልኩም በሙያቸው ፍሬን ሠሪ ናቸው። ጋራዣቸው ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስተኛው ረድፍ ዳር ያለችው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ወንበሯ ድሮ በተነቃነቁ ቁጥር ትጮህ ነበር፤ ራሳቸው ግሪስ ቀብተው ዝም አሰኟት። የእሳቸውን አፍ ዝም የሚያሰኝ ግሪስ ግን እስካሁን አልተገኘም።

"እዩልኝ" ይላሉ፣ የተዋናዮቹ ስም አልፎ ሳያልቅ። "ይሄ ፖሊስ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል አይደል? በቃ፣ ነፍስ ይማር በሉ።" አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፖሊሱ በጥይት ይወድቃል። እሳቸውም በዝግታ ወደ ኋላ ይዞሩና ለሕዝባቸው ያቺን ታላቅ ቃል ያሰማሉ። "አላልኩም?"

መኪና ማሳደድ ሲጀመርማ ትንቢቱ ወደ ሙያ ትምህርት ይለወጣል። "ኧረ ባካችሁ! ፍሬኑ የተቆረጠ መኪና ተራራውን ግማሽ ከወረደ በኋላ ነው እንዴ የሚያውቀው? ገና ከግቢው ሳይወጣ ፔዳሉ ወለል ይነካበት ነበር!" አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ጎረቤቴን ገዳዩ ማን እንደሆነ ፊልሙ በተጀመረ በስድስተኛው ደቂቃ ነገሯት። ሴትዮዋ የቀረውን አንድ ሰዓት ተኩል ገዳዩን ብቻ አፍጥጣ ስታይ ዋለች።

በመጨረሻ ከኋላ የሚቀመጡት የታሪክ አስተማሪ ትዕግሥታቸው አለቀ። "መደንገጥ መብታችን ነው!" ብለው ከፊልሙ ስንወጣ ደረጃው ላይ ጮኹ። ሰው ሁሉ ደገፋቸው። ለሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የገባውን ማመልከቻ የጻፍኩት፣ አልዋሽም፣ እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም "የተመልካቹን ሰላም በተደጋጋሚ ስለማወክ" ብዬ ጀመርኩና አሳመርኩት። ሃያ ሦስት ሰው ፈረመ። ሥራ አስኪያጁም ወሰነ፤ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከተናገሩ በሩ ለዘለቄታው ይዘጋባቸዋል። ከዚያ የውሳኔውን ደብዳቤ እጄ ላይ አኖረው። "አንቺው ጀመርሽው፣ አንቺው አድርሺው።"

ጋራዡ ስደርስ ጋሽ አላልኩም ከአንድ ሚኒባስ ሥር እግራቸው ብቻ ይታይ ነበር። ወጥተው ደብዳቤውን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው አነበቡት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ጽሑፉ ያምራል" አሉኝ። "ማን ነው የጻፈው?"

ዓይኔን ወደ ሚኒባሱ ጎማ አዞርኩ።

"እንግዲህ አፌን እዘጋለሁ" አሉ። "ቅዳሜን ካጣሁ ቤት ገብቼ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሌላ የሚሰማኝ የለም።" ከዚያ ሚኒባሱን መታ መታ አደረጉት። "ለምን እንደምናገር ግን ልንገርሽ። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ አንድ ልጅ ነበር። ፍሬንህ እስከ ቅዳሜ አያደርስህም፣ አቁመው አልኩት። ጋሼ፣ ሟርት ይተዉ ብሎኝ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ግንብ ገጨ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰዉ ሁሉ እየመጣ፣ እርስዎ ብለውት ነበር፣ እርስዎ ብለውት ነበር ይለኛል፣ ልክ እንደ ደስታ። ትክክል መሆን የሚያስደስት እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እባክህ አንዴ እንኳ አሳፍረኝ ነው የምለው ፊልሙን። እምቢ አለኝ።"

ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ አላልኩም አፋቸውን በከረሜላ ሞልተው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሴት ልጁ የታፈነችበት ወታደር፣ ነጭ ድመት የሚያሻሽ ራሰ በራ ወንበዴ፣ የሃያ ዓመት ታማኝ ጓደኛ። ሕፃን ልጅ እንኳ መጨረሻውን ያውቀዋል። ወታደሩ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ወጣ፤ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ወደ አምስተኛው ረድፍ ዞረ። ከረሜላ ሲቆረጠም ብቻ ተሰማ። ቦምቡ ሊፈነዳ አንድ ሴኮንድ ሲቀረው ቆመ፤ ማንም አልሳቀም። ያ ሁሉ የጓጓንለት ጸጥታ ሲመጣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለን።

በመሃል ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ። "ኧረ ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይበሉ እንጂ!"

የታሪክ አስተማሪው ነበሩ! ጋሽ አላልኩም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። ያን ጊዜ እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ አልኩ።

"ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ፊርማዬን ሰርዙልኝ!"

"የእኔንም!" አለች ፋርማሲስቷ። "የእኔንም!" "የእኔንም!" ሥራ አስኪያጁ ሃያ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሊያባርር አይችል፤ "እንደፈለጋችሁ!" ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ጋሽ አላልኩም ከረሜላቸውን በክብር ዋጡ። ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ። "እዩልኝ" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። "ልጅቷን የሸጣት ጓደኛው ነው። አሁን ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ። ሽጉጥ ያወጣና ይተኩስበታል። በቃ።"

ድልድዩ ላይ ተገናኙ። ጓደኛው ሽጉጥ አወጣ። ራሰ በራው ከወታደሩ ጀርባ ብቅ አለ። ጓደኛው ዘሎ መሃል ገባ፤ ለወታደሩ የተተኮሰችውን ጥይት በደረቱ ተቀበላትና ወደቀ።

ሁላችንም ጋሽ አላልኩምን እናያለን። እሳቸው እንደቆሙ ቀርተዋል፤ የስክሪኑ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ ያለውን እንባ ያሳያል።

ፊልሙ አልቆ ደረጃው ላይ ስንወጣ እንደተለመደው ክርክሩ ጦፈ። ፋርማሲስቷ ከድልድዩ በኋላ መሃረቧ መጨመቂያ አስፈልጎት ነበር። አንድ ባለታክሲ የመኪና ማሳደዱ ብቻ ይበቃኛል አለ። አስተማሪው ደግሞ "ከድልድዩ በስተቀር አሥር ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ ድልድዩም ቢሆን አላሳመነኝም" አሉ። ጋሽ አላልኩም ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ሁሉንም እጅጌውን ይይዛሉ።

"ጓደኛው ከዳተኛ ነው አላልኩም?"

"ብለዋል፣ ጋሼ።"

"ተሳሳትኩ! ምስክሮቼ ናችሁ፤ ድብን አድርጌ ተሳሳትኩ! ሰው ሆኖ ተገኘ እኮ!"

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር የልጅ ልጁን ፎቶ ለባልደረባው ሲያሳይ መጣ። ጋሽ አላልኩም አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉትና በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"አንቺ በይ እስቲ።"

"አለቀላቸው፣ ጋሼ" አልኩ። "ፎቶ ካሳዩማ አይተርፉም።"

ሽማግሌውን ትክ ብለው አዩአቸው።

"እግዜር ያሳስትሽ፣ ልጄ።"

"አሜን" አልኩ፣ ከልቤ።