የጎብኚዎች አልጋ

ሰው ይወቅልኝ የምለው በደል ይህ ነው፤ አዲሱ የማዋለጃ አልጋ ባዶ እያለ ምራቴ ወለል ላይ ወለደች።

እስቲ ፍረዱኝ፤ አዋላጅና ኃላፊ በአንድ ጤና ጣቢያ እየሠሩ እንዴት ዓይናቸው ይለያያል? እያማጠች በባጃጅ ሳደርሳት አዋላጇ ያየችው የምራቴን ሆድ ነው፤ ኃላፊው ያየው አንሶላውን ነው።

«ቶሎ አልጋው ላይ ትውጣ!» አለች አዋላጇ።

«ነገ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ይቆሽሻል» አለ ኃላፊው።

«ታዲያ ጎብኚዎቹ ሊወልዱበት ነው?» አልኩት።

«እማማ፣ ሥራ አያስፈቱን!»

እነሱ ሲከራከሩ ልጁ መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። እኔ ግን በዚህ የምተው ሰው ነኝ? ከሚሴ ሄጄ ለበላዮቹ አመለከትሁ። ከስንት ምልልስ በኋላ መልስ ሰጡኝ፦

«አቤቱታዎን ተቀብለን አልጋውን መርምረናል፤ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም።»